«የዝክር ምግብ» ለሙስሊም ይፈቀዳል? በሰሜን ሸዋ በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ማዕዶች

መውሊድ (የነቢዩ ሙሐመድ ልደት በዓል) በተቃረበ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ከተሞችና ገጠሮች አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ለዝክር የተሠራ ምግብ ይበላል ወይስ አይበላም?» መልሱ በየስልኩ ሲዘዋወር ይሰነብታል። አንዱ «ሐራም ነው» ይላል፤ ሌላው «ምን ችግር አለው» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ማዕድ አይደለም፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ድግስ

በይፋት ቆላ፣ በአልዩ አምባ ወይም በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለ ሙስሊም «ዚክር» ሲል አላህን ማውሳት ማለቱ ነው። ሰው ተሰብስቦ አላህን ያወሳል፣ መንዙማ ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በመጨረሻም ምግብ ይቀርባል። በመንዝ፣ በተጉለት ወይም በቡልጋ ያለ ክርስቲያን ደግሞ «ዝክር» የሚለው በወር በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ስም የሚያዘጋጀውን ጠላና ዳቦ ነው። የግእዙ «ዘከረ» እና የዐረብኛው «ዘከረ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «አስታወሰ፣ አወሳ» ማለት ነው። ሥሩ አንድ ስለሆነ ግን ማዕዱ አንድ አይሆንም። ስለ ሙስሊሞች የዚክር ስብስብ የተሰጠን ፈትዋ (የሃይማኖት ሊቅ ለጥያቄ የሚሰጠውን ብያኔ) የጎረቤት ሚካኤል ዝክር ላይ የሚያውለው ሰው ይሳሳታል፤ ተቃራኒውን ያደረገውም እንዲሁ።

ስለዚህ ነገሩን መነጠል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በዓሉ ራሱ በእስልምና ምን ቦታ አለው? ሁለተኛ፣ ሥጋ ካለ ማን አረደው፣ የማንን ስም ጠርቶ፣ ለማን ብሎ? ሦስተኛ፣ ከማዕዱ መቅረብ በአምልኮቱ እንደ መሳተፍ ይቆጠራል? ለአንዱ የተሰጠው መልስ የሌላውን አይመልስም። መውሊድን አጥብቆ የሚቃወም ሊቅ እንኳ በመውሊዱ ቀን በአላህ ስም የታረደውን በግ እንደ በክት አይቆጥረውም።

መሠረቱ፦ አራት አንቀጾች

በምግብ ጉዳይ ተደጋግመው የሚጠቀሱት የቁርኣን አንቀጾች ጥቂት ናቸው። ሱረቱል ማኢዳ 5፥3 በክትን፣ ደምን፣ የእሪያ ሥጋን፣ ከአላህ ሌላ ስም የተነሣበትንና ለጣዖት የታረደን ይከለክላል። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ 5፥5 መጽሐፉ የተሰጣቸው ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል። ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚ ሊቃውንት) እዚህ ላይ «ምግብ» የተባለው በዋናነት እርዱ ነው ይላሉ፤ እህልና ፍሬማ ከማንም እጅ ቢመጣ ቀድሞውንም የተፈቀደ ነው። ሱረቱል አንዓም 6፥121 የአላህ ስም ያልተወሳበትን አትብሉ ይላል። 2፥173 ደግሞ ክልክሎቹን ከዘረዘረ በኋላ የተቸገረን ሰው ነጻ ያደርጋል።

ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው 5፥3 እና 5፥5 በተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የመጽሐፉ ሰው እርድ ተፈቅዷል፤ ከአላህ ሌላ ስም የተነሣበት ተከልክሏል። የመጽሐፉ ሰው ሌላ ስም ጠርቶ ቢያርድስ?

የጎረቤት ቢላዋ

ይህ በሌላ አገር ግምት የሚጠይቅ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ማን ምን ብሎ እንዳረደ አይታወቅም። በሰሜን ሸዋ ግን ግምት አያስፈልገውም። ክርስቲያኑ አራጅ በጉን በተለምዶ ወደ ምሥራቅ አዙሮ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይላል፤ ሙስሊሙ ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) አዙሮ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ይላል። መካና ደብረ ብርሃን በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ስለተቀመጡ የዚህ አገር ቂብላ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። በአንድ ግቢ ሁለት በግ ሲታረድ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ተጋድሞ ይታያል። (ወደ ቂብላ ማዞር ግን ሱና፣ ማለትም የሚወደድ የነቢዩ ልማድ፣ እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ አቅጣጫው ስለተሳተ ብቻ ሥጋው አይበላሽም።)

እንግዲህ ስሙ በግልጽ ሲጠራ ከተሰማ፣ አብዛኞቹ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት አይበላም ይላሉ፤ 5፥3ን በ5፥5 ላይ ገደብ አድርገው ያነባሉ። ከቀደምት ሊቃውንት እንደ ዐጣእና መክሑል ያሉት ግን ይበላል ብለዋል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ አላህ እርዳቸውን የፈቀደው ምን እንደሚሉ እያወቀ ነው። ሦስተኛ ወገን ሐራም ሳይል መክሩህ (የሚጠላ) አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በተለይ ለበዓላቸው የታረደ ሲሆን በማሊኪዎች (በአንዱ የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤት ተከታዮች) ዘንድ ይህ አነጋገር የታወቀ ነው።

አንዳንዴ «የሐበሻ ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ የማይበላው በባህል ብቻ ነው፤ ከኪታብ አይደለም» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል በቂ አይደለም። በወሎና በሸዋ ሲቀራባቸው ከኖሩት መዝሐቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) አንዱ የሆነው ሻፊዒ፣ ከእስራኤል ዘር ላልሆነ ክርስቲያን ከበድ ያለ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ቅድመ አያቶቹ ወደ ክርስትና የገቡት ነቢዩ ሙሐመድ ከመላካቸው በፊት መሆኑ መታወቅ አለበት። አክሱም ክርስትናን የተቀበለችው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው፤ ያ ከእስልምና በፊት ነው። ይሁን እንጂ ክርስትና ወደ ሸዋ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ስለሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ አያቶች መቼ እንደተጠመቁ የሚያውቅ የለም። ጥብቅ የሻፊዒ መምህር «ጥርጣሬ አለና ተው» ቢል ከኪታቡ ተነሥቶ ነው። ሌላው መዝሐብ ሐነፊ ይህን ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። በሌላ በኩል ሻፊዒው ቢስሚላህ ማለትን ሱና ያደርገዋል፤ ሐነፊው ሆን ተብሎ ከተተወ እርዱ አይሆንም ይላል። አንዱ ጋ የጠበቀው ሌላው ጋ ይላላል ማለት ነው። ከሁለቱ መዝሐብ ቀለል ያለውን ብቻ እየለቀሙ መሄድን ዑለማው አይወዱም።

«ሰሃቦች በነጃሺ አገር ኖረው የለም እንዴ? ምን ይበሉ ነበር?» የሚለው፣ ወደ ሐበሻው ንጉሥ የተሰደዱትን የነቢዩን ባልደረቦች የሚጠቅሰው ሙግትም ሚዛኑ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ስደት እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሲሆን፣ የመጽሐፉን ሰዎች እርድ የሚመለከተው ሱረቱል ማኢዳ የወረደው በመዲና ዘመን መጨረሻ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው የአቡ ሠዕለባ አል ኹሸኒ ሐዲስ (ስለ ነቢዩ ንግግርና ተግባር የተላለፈ ዘገባ) ነው። እርሱ «የምንኖረው በመጽሐፉ ሰዎች አገር ነው፤ በዕቃቸው እንብላ?» ብሎ ጠየቀ። ነቢዩም ሌላ ዕቃ ካገኛችሁ በዚያ፣ ካላገኛችሁ አጥባችሁ ብሉበት አሉ። ሐዲሱ በሐዲስ ሰብሳቢዎቹ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል፤ ለድብልቅ መንደር ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም።

ለመዘንጋት የማይገባው ሌላም አለ። በእኛ አገር ነገሩ የአንድ ወገን አይደለም፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም በሙስሊም የታረደ ሥጋ አይበላም። በልማዱ የሌላውን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ሲታይ ኖሯል። ስለዚህ የፊቅህ መጽሐፍ «ይቻላል» ቢል እንኳ፣ በዚህ ምድር ያ ቁራሽ የሚናገረው ከሆድ ያለፈ ነገር ነው። ይህን ትርጉም ሳያዩ የውጭ አገር ፈትዋ ቆርጦ መለጠፍ የብዙ ጭቅጭቅ ምንጭ ሆኗል።

ሥጋ የሌለበት ማዕድ

ለማርያም ዝክር የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ለመስቀል የተቆላ ቆሎ፣ ለሙት ዓመት የተቀቀለ ንፍሮስ? እዚህ ላይ ክልከላው እርድን እንደሚመለከት የሚስማሙ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ከሰሃቦች የተዘገበውም ወደዚያ ያደላል። አንዲት ሴት የነቢዩን ባለቤት እመት ዓኢሻን ስለ መጁሶች (እሳት አምላኪዎች) የበዓል ስጦታ ብትጠይቃቸው፣ ለዚያ ቀን የታረደውን አትብሉ፣ ከዛፎቻቸው ፍሬ ግን ብሉ ብለዋል። ሰሃባው አቡ በርዛም ለቤተሰባቸው ተመሳሳይ ነገር ማለታቸው ተዘግቧል። በኢማን ጉዳይ ጥብቅነቱ የታወቀው ኢብን ተይሚያ (እ.ኤ.አ. 1263–1328) ሳይቀር ከእነዚህ ዘገባዎች ተነሥቶ የበዓል ስጦታ መቀበል በራሱ በዓሉን ማክበር አይደለም ብሏል። ሙስሊሙ ለዚያ በዓል ብሎ ድግስ መደገሱን ወይም ለበዓሉ ማድመቂያ ማቅረቡን ግን በብርቱ ይቃወማል።

ጸበል ጻዲቅ የሚባለው ለብቻው መታየት አለበት። ቄሱ ጸሎት አድርሶ ባርኮ የሚቆርሰው ዳቦ ነው። ጸሎቱ የስንዴውን ተፈጥሮ አይለውጥም፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሰንበቴ ተቀምጦ ከተባረከው መቁረስና ጎረቤት በማግስቱ ዳቦ ጠቅልላ በልጇ እጅ ስትልክ መቀበል እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የሥርዓቱ አካል ነው፤ አብዛኛው ዓሊም አይፈቅደውም። ሁለተኛው ጉርብትና ነው። በዚህ ጽሑፍ አቋም ልዩነቱ የሚወሰነው በዳቦው ሳይሆን በቦታውና በሥርዓቱ ነው።

መጠጡ አያከራክርም፤ ጠላ የሚያሰክር ስለሆነ ሐራም ነው፣ ጉሹም ቅራሪውም ያው ነው። ብርዝ ግን ማርና ውኃ ነው፤ ዛሬ ተበርዞ ዛሬ ከተጠጣ ችግር የለበትም፣ ካደረ ግን መፍላት ይጀምራል። ፍጥነቱም እንደ አገሩ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነው የደብረ ብርሃን ብርድ የሚቆየው፣ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቶሎ ይለወጣል። ከአፍ ላይ ኮምጠጥ ብሎ አረፋ ከያዘ መተው ነው። አይብም ይጠየቃል። በሌላ አገር አይብ የሚያከራክረው ወተቱን ለማርጋት ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ስለሚገባበት ነው። የእኛ አይብ አሬራ በእሳት ሞቆ የሚረጋ በመሆኑ ያ ክርክር አይነካውም።

መውሊድ፣ ሰደቃና የወሊይ ደጃፍ

ወደ ሙስሊሙ ቤት ስንመለስ ጥያቄው ይለወጣል፤ አራጁ ሙስሊም ነው፣ የተጠራውም የአላህ ስም ነው። ክርክሩ ስለ በዓሉ ነው። መውሊድ በነቢዩና በሰሃቦች ዘመን አልነበረም። በግብፅ በፋጢሚዮች ዘመን፣ ከዚያም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኤርቢል ገዥ በሙዘፈር አድዲን ዘመን በሰፊው የተከበረ ነው። አስሱዩጢ (1445–1505) ቁርኣን የሚቀራበት፣ የነቢዩ ታሪክ የሚወሳበትና ምግብ የሚበላበት እስከሆነ ድረስ መልካም ፈጠራ ነው ብለዋል። ማሊኪው አልፋኪሃኒ ደግሞ መሠረት የሌለው ቢድዓ (በሃይማኖት የተጨመረ አዲስ ነገር) አድርገውታል። በእኛ አገር ደርግ ከሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ ከሁለቱ ዒዶች ጋር መውሊድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ ይህ ግን የመንግሥት የሥራ መዝጊያ እንጂ የሸሪዓ ብያኔ አይደለም።

ቢድዓ ነው ከሚሉት መካከል ምግቡን በተመለከተ ያለው አነጋገር በሁለት ይከፈላል። ከብቱ የታረደው ነቢዩን ወይም ወሊዩን (ቅዱስ ተደርጎ የሚታየውን ሰው) እንደ አምልኮ ለማላቅ ከሆነ አይበላም። ለአላህ ታርዶ ለእንግዳ መብያ ከሆነ ሥጋው በራሱ ሐላል ነው፤ ቢሆንም በዓሉን ላለማጽናት ከቦታው መቅረት ይሻላል ይላሉ። «የመውሊድ ሥጋ እንደ እሪያ ነው» የሚለው የስልክ መልእክት እንግዲህ ከተቃዋሚዎቹም ቃል በላይ የሄደ ነው።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የስለት (ነዝር) ከብት ነው። «ልጄ ከዳነ ለጀይላኒ በግ አለብኝ» ብሎ ለታወቁት ወሊይ ለሸይኽ ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ የሚሳል ሰው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንደኛው ለአላህ አርዶ፣ ድሃ አብልቶ፣ ምንዳው ለሸይኹ ይድረስ ማለት ነው። ሁለተኛው በጉ የሸይኹ ነው፤ ካልታረደ ይቀጡኛል ማለት ነው። አፍ ላይ ያለው ቢስሚላህ በሁለቱም አንድ ነው፤ ልብ ላይ ያለው ግን የተለያየ ነው። «ከአላህ ሌላ ላለ ያረደን አላህ ረግሞታል» የሚለው የዓሊ ሐዲስ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ሣቢት ብን ደሐክ ያስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ ስለ ቦታው ይናገራል። ቡዋና በሚባል ስፍራ ግመል ሊያርድ የተሳለ ሰው ሲመጣ ነቢዩ የጠየቁት፣ በዚያ የሚመለክ ጣዖት ነበር ወይ፣ ከጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት ከነበረው ዘመን) በዓላት የሚከበር ነበር ወይ የሚል ነው። ሁለቱም የለም ሲባሉ ስለቱን እንዲሞላ ፈቀዱለት። የተጋበዘ ሰው የደጋሹን ልብ መመርመር አይጠበቅበትም። የውጭ ምልክት ግን አለ፦ የከብቱ ቀለም ከተወሰነ፣ ደሙ በደፍ ወይም በዛፍ ሥር ከተቀባ፣ ገብስማ ወይም ቀይ ዶሮ ካልሆነ አይሆንም ከተባለ፣ ያ ለቆሌና ለአድባር የሚደረገው ነው። እርሱን ቄሱም ሸሁም አይቀበሉትም።

ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያልፈው፣ በእርግጥ ግን ከሁሉ የከፋ አደጋ ያለበት ማዕድ የሟች ሰደቃ ነው። በሦስተኛው፣ በሰባተኛው ወይም በአርባኛው ቀን በሬ ይታረዳል። ወጪው ካልተከፋፈለ ውርስ ከወጣና ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ፣ የእነርሱን ድርሻ ማንም ሊፈቅድ አይችልም፤ እናትም ብትሆን፣ አጎትም ቢሆን። እዚያ የሚበላው ሥጋ የየቲም (አባት የሞተበት ልጅ) ገንዘብ ነው፤ ሱረቱን ኒሳእ 4፥10 ስለዚያ የሚናገረው እሳትን ጠቅሶ ነው። ማዳኛው ቀላል ነው፦ ወጪውን ጎልማሶቹ ወራሾች ከራሳቸው ድርሻ ወይም ከኪሳቸው ይሸፍኑ፣ ያውም በማንም ሳይገደዱ። የነቢዩ ሱና ደግሞ ከነጭራሹ ተቃራኒ ነው። የአጎታቸው ልጅ ጀዕፈር ሲሞቱ «ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው» አሉ እንጂ ኀዘንተኛው ለቀስተኛን እንዲያበላ አላዘዙም። ዕድርተኛ እንጀራና ወጥ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚሄድበት የአገራችን ልማድ ከዚህ ሱና ጋር የገጠመ ነው።

ነገሩ የሚበላሽበት ቦታ

በሰሜን ሸዋ ድብልቅ መንደሮች የቆየው መፍትሔ ይታወቃል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ በቁሙ ይሰጣል፤ እነርሱ አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 30 ኪሎ የሚመዝን የመንዝ በግ ከአጥንቱ 12 ወይም 13 ኪሎ ሥጋ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ቢታሰብ 50 ሰው ገደማ ያስተናግዳል።

ስህተቱ የሚመጣው ከእርዱ በኋላ ነው። እንግዳ ሲበዛና የሙስሊሙ ድስት ሲያልቅ፣ አስተናጋጁ በቅንነት ከሌላው ድስት ጨልፎ ይሞላዋል፤ ስለዚህ መቁጠሪያው የተጠራው ሰው ሳይሆን የሚመጣው ሰው መሆን አለበት። ጭልፋ ከድስት ድስት ይዞራል፤ ምልክት ለማድረግ እጀታው ላይ ክር ማሰር ይበቃል። ከዶሮ ወጥ የወጣ እንቁላል «እንቁላል እኮ ነው» ተብሎ ይቀርባል፤ ቅርፊቱ ተልጦ በሥጋው መረቅ የተቀቀለ ግን ከመረቁ አይለይም። ሽሮም ቋንጣ ካለበት የሥጋ ወጥ ነው። በአንድ መሶብ ሁለት ዓይነት ወጥ ሲቀርብ ይፈስሳል፣ ጉርሻም ይመጣል። ቢላዋና መክተፊያ ከተቻለ ለየብቻ ይሁን፤ ካልተቻለ እንደ አቡ ሠዕለባ ሐዲስ ታጥቦ ይሠራበታል። የታረደው ከብት በሕይወት እያለ፣ በስል ቢላ፣ ቢያንስ የአየርና የምግብ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አለበት፤ የደነዘዘ ቢላ እየተመላለሰ ሳይጨርስ ከብቱ ከሞተ አራጁ ማንም ቢሆን በክት ነው።

ሙስሊም ያረደው ሥጋ መጥቶ ቢስሚላህ ይባል አይባል ካልታወቀ ግን ማጣራት ግዴታ አይደለም። አዲስ የሰለሙ ሰዎች ስላመጡት ሥጋ የተጠየቁት ነቢይ «እናንተ ቢስሚላህ በሉና ብሉ» ብለዋል፤ ዘጋቢዋ ዓኢሻ ናቸው።

አለመብላትና አለመቅረብ

ይህ ጥያቄ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አጣዬና አካባቢዋ ያየችው ጥፋት ገና ከሰው ልብ አልወጣም፤ የጎረቤትን ቤት መርገጥ መተው እንደ ሌላ መልእክት ሊነበብ ይችላል። «ሁሉንም ተው» የሚለው ምክር ይህን ዋጋ አያሰላም። «ዝም ብለህ ብላ» የሚለውም የሰውን እምነት ያቃልላል። ሁለቱም ወገኖች ሥጋው እንደማይበላ ስለሚያውቁ፣ ሙስሊሙ «ሥጋውን ተዉልኝ፣ ቡናውን ግን እጠጣለሁ» ቢል ማንም አይቀየምም፤ የሚያስቀይመው ሆዴን አሞኛል ብሎ ማመካኘቱና ከዚያ በሌላ ቤት ሲበላ መታየቱ ነው።

ተራው የሙስሊሙ ደጋሽ የሚሆንበት ጊዜም ቅርብ ነው። የሂጅራ ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ በ2019 ዓ.ም. ነሐሴ 9 አካባቢ ይውላል፤ ያ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። በዚያ ቀን ለክርስቲያን ጎረቤት በግ በቁሙ መስጠት ትርጉም የለውም። ቅቤና ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት፣ በዘይት የተሠራ ምስርና ሽሮ፣ ከተቻለም ከቅዳሴ በኋላ ባለው ሰዓት መጋበዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጿሚዎች በፍልሰታ እስከ ቀትር በኋላ እህል አይቀምሱምና።